መኪና ሲሄድ የሚሰማ የፍጭት ድምፅ፦ ምንጩን ማግኛ መንገድ

ሶማሌ ተራ ወርዶ ኩሽኔታ (ጎማንና ዘንግን በቀላሉ የሚያዞረውን ባለ ጥይት ቀለበት) መግዛት ቀላል ነው። የሚያናድደው አዲሱ ኩሽኔታ ተገጥሞ፣ የእጅ ዋጋ ተከፍሎ፣ መኪናው ከጋራዡ በር ሳይርቅ ያው «ገርርር» ሲመለስ ነው። ይህ የሚሆነው ሰው ድምፁን እንደሰማ «ከየት ነው?» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ ግን የመኪና አካል ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ብረት ስለሆነ ድምፅን እንደ ልቡ ያመላልሳል። ከኋላ ቀኝ ጎማ የተነሳ ፍጭት ከሹፌሩ ወንበር ሥር የመጣ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ «የት» ትቆይና «መቼ» ትቅደም። ፍሬን ሲያዝ ነው? ሲታጠፍ? ፍሪሲዮን ሲረገጥ? ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው? ፍጥነት ሲጨምር? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው አንድም ብሎን ሳይፈታ ተጠርጣሪዎቹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ያወርዳቸዋል። የሚያስፈልገው ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪ፣ አብሮ የሚያዳምጥ ሰው፣ እና ግርግር የሌለበት ሜዳ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ከሆነ እሑድ ጠዋት ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ይህ መኪና መነዳት አለበት ወይ?

አንዳንዱ ድምፅ የሙከራ ጊዜ አይሰጥም። ከፍጭቱ ጋር የፍሬን ፔዳሉ ከወትሮው በታች ከሰመጠ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ወይም ጎማ ሲወዛወዝ ከተሰማዎት ዳር ይዘው ያቁሙ። ቀይ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በጎታች ወይም በጫኝ መኪና ነው።

በቅርቡ ጎሚስታ ቤት ጎማ አስፈትተው ከነበረ ከምንም በፊት የጎማውን ዳዶዎች (ማሰሪያ ብሎኖች) ይፈትሹ። የላላ ዳዶ መጀመሪያ ቀስ ያለ ኳኳታ፣ ቀጥሎም ፍጭት የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ጎማው ራሱ ጥሎዎት ይሄዳል። በእጅ ቁልፍ እያንዳንዱን ሞክሮ ማየት ደቂቃዎች አይፈጅም።

ጭራሽ ብልሽት ያልሆኑ ድምፆችም አሉ። በክረምት ሌሊቱን ዝናብ የመታው መኪና ጠዋት ሲነሳ የፍሬኑ ዲስክ ላይ ያረፈችው ስስ ዝገት በፍሬን ሸራው እስክትፋቅ ድረስ ይፋጫል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ዘዴ) ያላቸው መኪኖችም ተነስተው ትንሽ ፍጥነት ሲይዙ አንዴ «ዝርር» ብለው ራሳቸውን ይፈትሻሉ። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬን በኃይል ሲያዝ ደግሞ ፔዳሉ ከእግር ሥር እየተንቀጠቀጠ የሚያጉረመርመው ኤቢኤሱ ሥራውን ሲሠራ ነው፤ እግርዎን አያንሱ።

ቆመው ያዳምጡ

የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ ያድርጉ (አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ)፣ ሞተሩን ያስነሱና ቀስ እያሉ ነዳጅ ይስጡት። ድምፁ ቆሞም ካለና ከነዳጁ ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ ጎማና ፍሬን ነጻ ናቸው። ጉዳዩ ሞተሩ፣ በቺንጋ የሚዞሩት ዕቃዎች ወይም ፍሪሲዮኑ ዘንድ ነው። ቆሞ ዝም ካለና ሲሄድ ብቻ ከመጣ ደግሞ የሞተሩን ክፍል ይተዉትና ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ማንዋል መኪና ከሆነ እዚያው ቆመው አንድ ተጨማሪ ነገር ያድርጉ፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ፍጭት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ፎሌ ላይ እግር ሲነሳ ተሰምቶ ሲረገጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው የሚጠረጠረው። ሁለቱም ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃሉ። ካምቢዮ ከወረደ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ ዲስክና ፕሌት አብረው ይታዩ፤ ለአንዱ ብቻ አውርዶ በዓመቱ ለሌላው ማውረድ የእጅ ዋጋን እጥፍ መክፈል ነው።

ከቺንጋ ጋር የሚዞሩት ዲናሞው፣ የውኃ ፓምፑና የቺንጋ መወጠሪያው ናቸው፤ እንደ መኪናው ዓይነት የኤሲ ኮምፕረሰርና የመሪ ፓምፕም ይኖራሉ። ከእነዚህ የአንዱ ኩሽኔታ ሲያልቅ ደረቅ የሆነ፣ አሸዋ የበላው የሚመስል ፍጭት ይሰማል። መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ወስደው ጫፉን የማይዞረው የዕቃው አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ጋ አድርገው ያዳምጣሉ። የታመመው ዕቃ በእጀታው በኩል አጥንት ውስጥ የሚገባ ፍጭት ይልካል፣ ጤነኛው ግን ለስላሳ ሹክሹክታ ብቻ። ይህን የሚያደርግ ሰው ነጠላውን፣ ሻሹን፣ የአንገት ልብሱንና የተንጠለጠለ እጅጌውን ከቺንጋው ያርቅ። አጉል ድፍረት እዚህ ጋ ጣት ያስከፍላል።

ካቻቢቴ የማይመችዎ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቺንጋው ይውለቅና ሞተሩ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይነሳ። ድምፁ ከጠፋ ከቺንጋው ጋር ከሚዞሩት አንዱ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋው የሚዞርበትን እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ ያዙሩ፤ የሚቆረፍደው ወይም የሚላወሰው ጥፋተኛው ነው። ቺንጋ በሌለበት ሞተሩን አያቆዩት፤ በብዙ መኪኖች የውኃ ፓምፑም አብሮ ስለቆመ ሞተሩ ይግላል። ይህ ለውጭኛው ቺንጋ ብቻ የሚሠራ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ በሞተሩ ውስጥ ያለውን የታይሚንግ ቺንጋ ማንም ለሙከራ ብሎ አይነካም።

ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ለአፍታ የሚሰማ «ክርርር» ከሆነ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ይመልከቱ። የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ ከሞተሩ ጀርባ ካለው ትልቅ ጥርሳም ቀለበት ጋር በደንብ ካልገባ ወይም ቶሎ ካልተላቀቀ ሁለቱ ይበላላሉ። ቀለበቱ ከመበላቱ በፊት ሞተሪኖውን ማሠራት በጣም ይረክሳል።

እየሄዱ ይለዩ፦ ከፍጥነት ጋር ነው ወይስ ከሞተር ዙር ጋር?

ሜዳ መንገድ ላይ ድምፁ በደንብ የሚሰማበትን ፍጥነት ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ፍጥነቱን ሳይለውጡ ማርሽ ዝቅ ያድርጉ። የሞተሩ ዙር ይወጣል፣ የጎማው ግን ያው ነው። ድምፁ ከሞተሩ ጋር ከወጣ ምንጩ ከሞተሩ ወገን ነው፤ ካልተለወጠ ከጎማ፣ ከፍሬን፣ ከሴሚያስ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ) ወይም ከዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው ጥርሳም ዕቃ) ነው። አውቶማቲክ የሚነዱ ለአፍታ ኤን (ፎሌ) ላይ አድርገው ያንኑ መፈተሽ ይችላሉ።

ቁልፍ ግን አያጥፉ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ ፍሬኑም ይጠነክራል። ይህን ሙከራ ቁልቁለት ላይም አያድርጉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ከእንጦጦ ሽሮ ሜዳ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በፎሌ የሚወርዱ ሹፌሮች አሉ። ያተረፉትን ነዳጅ በሸራና በዲስክ ይመልሱታል፤ እሱም ዕድለኛ ከሆኑ ነው። ዘመናዊ ኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ ሲወርድና እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ስለዚህ ቁጠባውም ቢሆን በፎሌ አይደለም።

ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው

በብዛት የሚገጥመው ይህ ነው፤ ለመለየትም ከሁሉም ይቀልላል። በብዙ የዲስክ ፍሬን ሸራዎች ላይ ትንሽ የላሜራ ምላስ አለች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ቀጭን «ሲጥጥጥ» ታሰማለች። ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ወደ ወፍራም ፍጭት ከተለወጠና ፔዳሉ ላይም ከተሰማ ሸራው አልቆ ብረቱ ብረቱን እየበላ ነው። ከዚህ በኋላ እያንዳንዷ ማቆሚያ ዲስኩን ትልጣለች፤ የሸራ ዋጋ የነበረው ጣጣ የሸራና የዲስክ ይሆናል።

ጎማ ሳያወልቁም ማየት ይቻላል። መሪውን ወደ አንድ ጎን ሙሉ ያዙሩ፣ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ባትሪ ያብሩ። ዲስኩን ከላይ የታቀፈው ብረት ካሊፐር ይባላል። በእሱና በዲስኩ መካከል ሸራው ይታያል፤ ከኋላው የብረት ጀርባ አለው። አዲስ ሸራ ብረቱን ሳይጨምር 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ይኖረዋል። 3 ሚሊ ሜትር ላይ ከደረሰ ይቀየር። በቀዳዳው የሚታየው ግን የውጭኛው ሸራ ብቻ ነው፤ ካሊፐሩ ተጣብቆ ከሆነ የውስጠኛው ቀድሞ አልቆ የውጭኛው ደህና ሊመስል ይችላል። የሚያጠራጥር ከሆነ ጎማው ይውረድ።

ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ጥፍርዎን ከመሃሉ ወደ ጠርዙ ይጎትቱ። ስስ መስመሮች ምንም አይደሉም። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ከንፈር ካወጣ፣ ዲስኩ ተበልቷል። ቶርኖ ቤት አስገብቶ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ የሚወስነው የቀረው ውፍረት ነው፤ ዝቅተኛው መጠን በሚሊ ሜትር ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ መቀየር እንጂ መላጥ የለም። ስስ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

ከኋላ በዲስክ ፈንታ ታምቡር (ሸራውን የሚከድን የብረት ከበሮ) ያላቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ቪትዞችና ሚኒባሶች፣ ሸራቸው ከውጭ አይታይም። ባዶ መንገድ ላይ በጣም በዝግታ እየሄዱ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው በትንሹ ሳብ ያድርጉት፤ ፍጭቱ ከጨመረ ወይም ከተለወጠ የኋላው ታምቡር ይከፈት። ኮረኮንች መንገድ የሚበዛበት መኪና ታምቡሩ ውስጥ አቧራና የተፈጨ ሸራ ያጠራቅማል፤ አንዳንዴ ጽዳት ብቻ ይበቃዋል። አቧራውን ግን በአፍም ሆነ በአየር አይንፉት፤ በውኃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት።

ጉዞ ጨርሰው ሲቆሙ ደግሞ እጅዎን ሳይነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ። ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል አንድ ጎማ ካለ ፍሬኑ ሳይላቀቅ እየጎተተ ነው። የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አያፍስሱ።

ጠጠር

ለብቻው ርዕስ የሰጠሁት ብዙ ሰው ያለምክንያት ስለሚያስደነግጥ ነው። ኮረኮንች ከነዱ በኋላ ድንገት፣ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚበጣ የብረት ፉጨትና ፍጭት ከተነሳ፣ በዲስኩና ከጀርባው ባለችው ስስ የላሜራ መከለያ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እያዞሩ ወደፊት ይምጡ፤ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ካልወደቀ ጎማው ወርዶ ላሜራዋ በእጅ ሳብ ትደረግ። መከለያዋ ራሷ ተጣማ ዲስኩን የምትነካበት ጊዜም አለ፤ በካቻቢቴ ቀና ማድረግ ይበቃል። ለዚህ ሸራ ቀይሩ የሚል ጋራዥ ካጋጠመዎት ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ።

ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ

በ30 ኪሎ ሜትር የማይሰማ፣ በ60 የሚጀምር፣ በ80 ሬዲዮ የሚያስጨምር ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ጎማው ራሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ኩሽኔታ በከንቱ የሚቀየረውም በብዛት እዚህ ጋ ነው።

ድምፁ ባለበት ፍጥነት፣ ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ፣ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል ያድርጉ። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይዞራል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ከጨመረ የግራው ይጠረጠራል። ምንም ካልተለወጠ፣ ይልቁንም ከአሮጌ አስፋልት ወደ አዲስ ሲገቡ ድምፁ ከተቀየረ፣ ጎማው ነው። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ያሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝ፣ ወይም ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጎማ ከተበላሸ ኩሽኔታ ጋር አንድ ዓይነት ይጮኻል። የፊቱን ወደ ኋላ ቀይረው ይንዱ፤ ድምፁ አብሮ ከሄደ ጎማው፣ ባለበት ከቀረ ኩሽኔታው ነው። ጎማውን እንዲህ የበላው ያለቀ አሞርዛተር ወይም የተዛባ አላይመንት ስለሆነ ያም ይታይ።

የተጠረጠረውን ጎማ በክሪክ ሲያነሱ መሬቱ ጠንካራና ሜዳ ይሁን፣ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፣ ከመኪናው ሥር አይግቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ጓደኛዎ ፍሬን ይዞ ሳለም መነቃነቁ ካልቆመ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ግን ኩሽኔታው ላልቷል። ቀጥሎ በአንድ እጅ ጎማውን እያዞሩ በሌላው የአሞርዛተሩን ሞላ ይንኩ። የተበላ ኩሽኔታ በሞላው በኩል ጣትዎን ያንዘረዝረዋል፤ ጆሮ ያልለየውን ብዙ ጊዜ ጣት ይለየዋል።

ሲታጠፍ፣ ማርሽ ሲገባ፣ ነዳጅ ሲሰጠው

በፊት ጎማዎቹ የሚጎትት መኪና መሪውን ጨርሶ አዙሮ ነዳጅ ሲሰጠው «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የሴሚያሱ የውጭ መገጣጠሚያ፣ ማለትም ሲቪ ጆይንቱ ነው። የቸርኬውን የውስጥ ገጽ ይዩ፤ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ደርቆ ካገኙ የላስቲክ ልብሱ ተቀዷል። ልብሱ ገና ሲቀደድ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስና አዲስ ልብስ ቢደረግለት ይድናል። አሸዋ ከጠጣ በኋላ ግን ቀጭቀጭታው ወደ ፍጭት ይዞራል፤ ያኔ መቀየር ነው።

ማርሽ ሲገባ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ወደ ካምቢዮ ከመሄድዎ በፊት ፍሪሲዮኑን ይመርምሩ። ሞተሩ ተነስቶ፣ ቆመው፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠው ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቁና ሪቨርስ ያስገቡ። ጠብቀውም ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ አይላቀቅም፦ የፍሪሲዮን ዘይት ማነስ፣ አየር መግባት ወይም የገመድ መላላት ሊሆን ይችላል። ሪቨርስ በሰላም ገብቶ እየሄዱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ጥርሶቹ ከመግባታቸው በፊት ዙራቸውን የሚያስማማው ቀለበት) አልቋል። የካምቢዮ ዘይት መጠኑንና ዓይነቱን ማየት ግን መቼም አይጎዳም።

ከኋላ የሚገፉት፣ ሃይሉክስንና ሃያስን የመሰሉት፣ ነዳጅ ሲሰጣቸው የሚያጓሩና እግር ሲነሳ የሚለወጡ ከሆነ ዲፈረንሻላቸው ይታይ። መጀመሪያ ዘይቱ፦ በመሙያው ብሎን በኩል ጣት ሲገባ መድረስ አለበት። ጣት ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ከወጣ ዘይት መሙላት ብቻውን አያድንም።

ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። የሞተር ድምፅ ስለሌለ በሌላ መኪና የማይሰማ የጎማና የኩሽኔታ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ አዲስ ባለቤቶች ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ፍጥነት የሚቀንሰው በብዛት ሞተሩ ስለሆነ ሸራው ሳይሠራ ይከርማል፣ ዲስኩ ይዝጋል። አልፎ አልፎ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ጠንከር አድርጎ ፍሬን መያዝ ዝገቱን ይፍቃል።

ጋራዥ ሲደርሱ

«ኩሽኔታ ቀይርልኝ» አይበሉ። እንዲያ ካሉ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ድምፁ ቢቀር ያዘዙት እርስዎ ነዎት። «ወንድሜ፣ ከ50 በላይ ስሄድ ይጀምራል፣ ወደ ግራ ሳዘነብል ይጨምራል፣ ፍሬን ስይዝ አይለወጥም» ይበሉትና መካኒኩ አብሮዎት ይንዳ። ድምፁን በስልክ ቀድተው ቢያሰሙት ጥሩ ነው፤ አብሮ መንዳትን ግን አይተካም።

መለዋወጫ የሚገዙት ራስዎ ከሆኑ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩና ልኩ ይመሳከራል። ሸራ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ አንድ ላይ ይቀየራል። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ስም ተጽፎ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከወረደ ዕቃው ሌላ ነው። ጥራት የሌለው ደረቅ ሸራ አይሳሳም፤ ዲስኩን ነው የሚያሳሳው።

ሸራ ከተቀየረ በኋላ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ፤ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይወርዳልና። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ድንገተኛ ፍሬን ካልተገደዱ አይያዙ፤ በዚህ ጊዜ ቀላል መፋጨትና ሽታ ቢኖር አያስጨንቅም። ጎማው ወርዶ ከነበረ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ዳዶዎቹ በመስቀልኛ እንደገና ይጥበቁ። ለብዙዎቹ ትናንሽ የቶዮታ የቤት መኪኖች የማጥበቂያው ኃይል ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በቧንቧ አስረዝመው በሙሉ ሰውነት የሚንጠለጠሉበት ጎሚስታዎች ብሎኑን ይስባሉ፤ ዲስኩንም ያጣምሙታል።